ሪአክሽን ቪዲዮ መስራት ከጀመርኩ ሶስት አመቴ ነው፣ የት ላይ ፖዝ እንደሚደረግ የገባኝ ግን አምና ነው

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን የምጽፈው ሪአክሽን ቪዲዮ ለጀመራችሁ ወይ ደሞ ልጀምር አልጀምር እያላችሁ ለምታመነቱ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የሙዚቃ ክሊፕ፣ ስታንዳፕ ኮሜዲ፣ አጫጭር አስቂኝ ድራማ፣ የፊልም ማስታወቂያ፣ በቃ ሰው እየተቀባበለ የሚያየውን ነገር እያየሁ የተሰማኝን የምናገርበት ቻናል አለኝ። ትልቅ ቻናል አይደለም። ግን በነዚህ ሶስት አመታት ስትራይክ (ዩቲዩብ በኮፒራይት የሚሰጠው ቅጣት) ገብቶብኛል፣ ክሌም (ባለመብቶች የሚያመጡት የይገባኛል ጥያቄ) ስንቴ እንደመጣብኝ መቁጠር ትቻለሁ፣ አንድ ሰው የለፋበትን ስራ ሳላስበው ጎድቻለሁ፣ የለቀኩትን አጥፍቼ እንደገና ሰርቻለሁ። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ከዚህ ግማሹ አይደርስብኝም ነበር፣ ስለዚ እኔ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ቪዲዮዬን የቀረጽኩት በስልኬ ነው። አንድ በጣም የምወደው ድምጻዊ አዲስ ክሊፕ ለቆ ነበር፣ እኔ ደሞ ገና አላየሁትም፣ እና ላፕቶፑን ከፊቴ አድርጌ ስልኩን መጽሀፍ ላይ አስደግፌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ሳላቆም አየሁት። ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ አይኔን አፈጣለሁ፣ ኧረ ጉድ እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ በጣም ያምራል፣ ምርጥ ስራ ነው፣ ሰብስክራይብ አድርጉ ብዬ ዘጋሁ። ቆይቼ ሳየው አራት ደቂቃ ምናምን ከሚሆነው ቪዲዮ ውስጥ ከኔ አፍ የወጣው ሰላሳ ቃል አይሞላም። ሌላው ሁሉ የሰውየው ዘፈን ነው። ያኔ ግን ሪአክሽን ማለት እሱ ነበር የሚመስለኝ፣ ፊት ማሳየት። ለስምንት ወር ያህል በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እንደዛ እየሰራሁ ለቀኩ።

ፊት ማሳየቱ ራሱ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነገር ነው። የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቪዲዮ ሲያሳዩ በስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ከፍተው ስቱዲዮ ያሉትን እንግዶች ፊት ያሳያሉ፣ ዋይፕ ይሉታል፣ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ያለ አሰራር ነው። በዩቲዩብ ላይ ደሞ ፋይን ብራዘርስ የሚባሉት ወንድማማቾች በ2010 ልጆችን ቪዲዮ እያሳዩ ፊታቸውንና የሚሉትን መልቀቅ ጀመሩ፣ በ2013 የእንግሊዙ ቻናል 4 ጎግልቦክስ ብሎ ሰዎች ቤታቸው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ሲያዩ የሚያሳይ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ሰው ሌላ ሰው ሲያይ ማየት ይወዳል። ለምን እንደሚወድ ካልገባን ግን የምንሰራው ነገር ባዶ ይሆናል፣ እኔ ላይ የሆነው እሱ ነው።

ለኔ ነገሩ የበራልኝ በ2020 በጣም በተሰራጨ አንድ ቪዲዮ ነው። ሁለት መንታ ወጣቶች፣ አሜሪካኖች ናቸው፣ እንግሊዛዊው ድምጻዊ ፊል ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1981 የለቀቀውን ኢን ዚ ኤር ቱናይት የሚለውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙ። ዘፈኑን የምታቁት ታቁታላችሁ፣ ሶስት ደቂቃ ተኩል ያህል ቀዝቀዝ ብሎ ይሄድና ድንገት ከበሮው ይገባል። ዘፈኑን የሚያቅ ሰው ሁሉ ያንን ቪዲዮ ሲያይ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፣ ከበሮው ሲገባ እነዚህ ልጆች ምን ይሆናሉ። ከበሮው ገባ፣ ልጆቹ ክው አሉ፣ እና ደንግጠው ብቻ አልቀሩም፣ ያስደነገጣቸውን ነገር ተናገሩ፣ ሶስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ምቱን የሚለቅ ሰው አይተው እንደማያቁ። አርባ አመት የተጠጋው ዘፈን ከዛ በኋላ በአይቱንስ የሽያጭ ዝርዝር እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ። እኔ ያንን ቪዲዮ ሳየው ስምንት ወር የለቀኳቸው ቪዲዮዎቼ ትዝ አሉኝ። እኔም ደንግጫለሁ፣ ግን ምን እንዳስደነገጠኝ አንድ ቀን ተናግሬ አላቅም። ተመልካቹ የራሱን ስሜት እኔ ላይ ለማየት መጣ፣ የሆነ ነገር ተሰምቶኛል ብዬ ሸኘሁት።

ስትራይኩም የገባብኝ በዛው ሰሞን ነው። አንድ የሙዚቃ ድርጅት የለቀቀውን ክሊፕ ሙሉውን፣ በሙሉ ስክሪን፣ እኔን ጥግ ላይ በትንሽ ክብ አድርጌ ለቅቄው ነበር። ጠዋት ተነስቼ ኢሜይሌን ስከፍት ቪዲዮህ በባለመብቱ ጥያቄ ተነስቷል ይላል፣ ወሽመጤ ነው የተቆረጠው። ቻናሌ ሊጠፋ ነው ብዬ ያንን ቀን ሙሉ ስልኬን እያነሳሁ እያስቀመጥኩ ዋልኩ፣ የማማክረው ሰው ደሞ አልነበረኝም። እናንተ እንደኔ እንዳትደነግጡ ነገሩን ልለያይላችሁ።

ክሌምና ስትራይክ ለየቅል ናቸው። ዩቲዩብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚባል ሲስተም አለው፣ ባለመብቶች የስራቸውን ፋይል ይሰጡታል፣ ሲስተሙ ሰው የሚለቀውን ቪዲዮ ሁሉ ከዛ ጋር እያመሳከረ ይፈትሻል። ሲገጥም ባለመብቱ ቀድሞ የመረጠው ይሆናል፣ ወይ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይ የማስታወቂያው ገቢ ለሱ ይሄዳል፣ ወይ ደሞ ዝም ብሎ ስንት ሰው እንዳየው ይከታተላል። ይሄ ክሌም ነው፣ ቻናላችሁን አይጎዳውም፣ ክሌም መጣብኝ ብላችሁ ቪዲዮ ለማጥፋት አትሩጡ። ስትራይክ ግን ባለመብቱ ራሱ በህግ ቪዲዮው ይነሳልኝ ብሎ ሲጠይቅ የሚመጣ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሶስት ከሆነ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። አንዱ ብቻ ከሆነ የኮፒራይት ትምህርቱን ጨርሳችሁ 90 ቀን ስትጠብቁ ይነሳል፣ ወይ ደሞ ባለመብቱን በትህትና ጽፋችሁ ጥያቄውን እንዲያነሳ መለመን ትችላላችሁ። እኔ ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም፣ 90 ቀኑን ጠበኩ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱም የኔ ነበር፣ ሙሉ ክሊፕ ወስጄ ምንም ሳልጨምርበት ነው የለቀኩት።

ክሌሙ አግባብ አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ ዲስፒውት ማድረግ፣ ማለትም መቃወም፣ አለ። ባለመብቱ ለመመለስ 30 ቀን አለው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያቀው ነገር፣ ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ዲስፒውት ካደረጋችሁ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማንም ሳይሰጥ ተይዞ ይቆያል፣ ከዛ ካለፈ ግን ዲስፒውት ካደረጋችሁበት ቀን ነው የሚያዘው። ስለዚ አስቤበት ነገ ዛሬ አትበሉ። ለስትራይክ የሚሆነው መልስ ደሞ ካውንተር ኖቲፊኬሽን ይባላል፣ እሱ ህጋዊ ሰነድ ነው፣ ስማችሁና አድራሻችሁ ለከሳሹ ይሄዳል፣ እሱም ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ 10 የስራ ቀን ይሰጠዋል። ተናዳችሁ ባላችሁበት ሰአት የምትሞሉት ፎርም አይደለም። አድራችሁ፣ ከተቻለም ህግ የሚያቅ ሰው ጠይቃችሁ።

ከስትራይኩ በኋላ ያደረኩት ነገር ደሞ የባሰ ነበር፣ ማጭበርበር ውስጥ ገባሁ። የሆነ ቦታ አንብቤ ምስሉን ግራ ቀኙን ገለበጥኩት፣ ድምጹን ትንሽ አቀጠንኩት፣ ዙሪያውን ፍሬም አደረኩበት፣ ዲስክሪፕሽኑ ላይ መብቱ የባለቤቱ ነው፣ ለመጣስ አስቤ አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ክሌሙ እንደሆነ አልቀረም። ተመልካቾቼ ደሞ ዘፈኑ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃጭለው እያሉ ኮመንት ሞሉት። ያንን ስራ አቀናባሪው ስንት ሌሊት ተቀምጦ ያስተካከለው ነው፣ እኔ ደሞ ወድጄዋለሁ ለማለት ብዬ አበላሸሁት፣ እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከአስር ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም፣ ከሰላሳ ሰከንድ በታች ከሆነ ነጻ ነው፣ ክሬዲት ከሰጠህ ማንም አይነካህም የሚባለውን ሁሉ እርሱት። እንደዛ የሚል ህግ የለም።

በህግ በኩል ያለውን ነገር የገባኝ የአንድ ክስ ውሳኔ ሳነብ ነው። ኤች3ኤች3 የሚባለውን ቻናል የሚሰሩት ኢታንና ሂላ ክላይን፣ ማት ሆሴንዛዴህ የሚባል ሰው የሰራውን አጭር ኮሜዲ እያቆሙ እየተቹ ቪዲዮ ሰርተው ነበር፣ ሰውየው ከሰሳቸው፣ በነሀሴ 2017 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያለው የፌደራል ፍርድ ቤት ለክላይኖቹ ፈረደ። የሰውየው ቪዲዮ አምስት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው፣ እነሱ ከሱ ውስጥ ሶስት ደቂቃ ከ15 ሰከንዱን ተጠቅመዋል፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው! ግን የነሱ ቪዲዮ አስራ አራት ደቂቃ ገደማ ነው፣ በየመሀሉ እያቆሙ ይተቻሉ፣ ስለዚ ፌር ዩዝ ነው፣ ማለትም የሰውን ስራ ሳያስፈቅዱ መጠቀም የሚፈቀድበት አይነት ነው ተባለ። ዳኛዋ ታዲያ እዛው ላይ ሪአክሽን ቪዲዮ ሁሉ አንድ አይደለም ብለው ለይተዋል፣ አንዳንዱ የሰው ስራ ቆራርጦ በመሀሉ አስተያየት የሚሰጥ ነው፣ አንዳንዱ ግን ሰብሰብ ብሎ አብሮ ከማየት የማይለይ አስተያየት የሌለው ነው፣ ስለዚ ውሳኔው ለሁሉም የሚሰራ እንዳይመስላችሁ አሉ። ያንን ሳነብ እኔ ሁለተኛው ውስጥ እንደሆንኩ አወኩ። ፌር ዩዝ የአሜሪካ ህግ ነው፣ ያላችሁበት አገር ህግ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አጣሩ። እዛም ቢሆን በቁጥር የተቀመጠ ልክ የለውም፣ የሚታየው አራት ነገር ነው፣ ለምን እንደተጠቀማችሁበት፣ የተጠቀማችሁበት ስራ ምን አይነት እንደሆነ፣ ምን ያህሉን እንደወሰዳችሁ፣ እና የባለቤቱን ገበያ ይጎዳል ወይ የሚለው። እኔ ከመልቀቄ በፊት ራሴን የምጠይቀው የመጨረሻውን ነው፣ የኔን ያየ ሰው ኦርጅናሉን ለማየት ይሄዳል ወይስ ጠግቦ ይቀራል?

አሁን ወደ ስራው ልምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ።

ለሙዚቃ አሁን የምጠቀመው አካሄድ ሁለቴ መስማት ነው። መጀመሪያ ካሜራ ከፍቼ በሄድፎን ሳላቆም እሰማለሁ፣ ምንም ለመናገር አልሞክርም፣ እጄ ላይ ወረቀት አለ፣ የሆነ ነገር ሰውነቴን ሲነካኝ ሰአቱን ብቻ እጽፋለሁ፣ 1:12፣ 2:40 እያልኩ። ከዛ ቢያንስ ግማሽ ሰአት እቆያለሁ፣ እነሳለሁ፣ ውሀ እጠጣለሁ፣ ስለ ዘፈኑ አስባለሁ። ሁለተኛውን ስሰማ ነው እያቆምኩ የማወራው። ኤዲት ሳደርግ ከመጀመሪያው የፊቴን አጫጭር ቁራጮች እወስዳለሁ፣ ከሁለተኛው ወሬውን፣ እና ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው የሰራሁት ብዬ ለሰው እነግራለሁ። ይሄን መናገር የግድ ነው። ድሮ አስር ጊዜ የሰማሁትን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምሰማው ብዬ ለቅቄ አቃለሁ፣ አንዲት ተመልካች ግጥሙ ከመድረሱ በፊት ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል እኮ ብላ ጻፈችልኝ። አንድ ኮመንት ናት፣ ግን ከዛ በኋላ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው ስል ማን ያምነኛል ብዬ ለስንት ጊዜ ተሳቀቅኩ። ሰምታችሁ ከሆነ ሰምቼዋለሁ በሉ፣ በአስረኛው መስማት የተገኘ ነገር አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ሳቆም ደሞ ምን እላለሁ? መጀመሪያ ላይ በጣም ያስጨነቀኝ ይሄ ነበር፣ ሙዚቃ ተምሬ አላቅም፣ ስለ ስኬልና ኮርድ ምን አውቄ ላወራ። ታዲያ ያገኘሁት ነገር አለማወቅ አይከለክልም፣ አለመስማት ነው የሚከለክለው። አንድ መሳሪያ ብቻ መርጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉት። ባሱን ብቻ፣ ወይ ከበሮውን ብቻ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ባሱ ዝም ሲልና ሶስተኛው ላይ ሲመለስ ዘፈኑ ለምን ሰፋ ብሎ እንደሚሰማችሁ ይገባችኋል፣ ያንን በራሳችሁ ቃል ስትናገሩት ሙዚቀኛ መሆን አይጠይቅም። ድምጻዊው ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ፣ ግጥሙ ላይ ሰም መስሎ አልፎ በኋላ ወርቁ የሚወጣ መስመር፣ ክሊፑ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የታየ እቃ መጨረሻ ላይ ተሰብሮ መታየቱ፣ እነዚህን አንስታችሁ ስታወሩ ሰው ኮመንት ላይ አይ አንቺ ተሳስተሻል እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው ብሎ ይገባል፣ ያ ወሬ ነው ቻናሉን ያቆመልኝ። አሪፍ ነው፣ ምርጥ ነው፣ ይለያል የሚሉትን ቃላት ለአንድ ወር ለራሴ ከልክዬ ነበር፣ ሳልጠቀምባቸው ቪዲዮ መጨረስ። ያ ወር ከምንም በላይ አስተምሮኛል፣ ሞክሩት።

ፖዝ የምታደርጉበትን ቦታ ደሞ ተጠንቀቁ። በመስመር መሀል አትቁረጡ፣ ሀረጉ ይለቅ፣ ምቱ ይዙር፣ ከዛ አቁሙ። ስትመለሱ ትንሽ ወደኋላ መልሳችሁ አስጀምሩት፣ ሰው ስሜቱ ውስጥ ተመልሶ እንዲገባ። ዘፈኑ እየሄደ በላዩ ላይ አታውሩ፣ ሁለቱም አይሰማም።

ኮሜዲ ፍጹም ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ያጠፋሁት። ቀልድ የሚሰራው በጊዜ ነው፣ ኮሜዲያኑ ነገሩን ይገነባል፣ ይገነባል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዛ ያፈነዳዋል። እዛ ዝምታ ላይ ፖዝ ካደረጋችሁ ቀልዱን ገደላችሁት፣ ተመልሳችሁ ብታስጀምሩትም ሞቷል። እኔ ሳቄ ስለሚቀድመኝ ሁልጊዜ ግንባታው መሀል ላይ ነበር የማቆመው። አሁን እስኪያፈነዳ እጠብቃለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሳቄ እስኪያልቅ አላወራም፣ ከዛ ነው ለምን እንደሳቅኩ የማወራው። ካልሳቅኩም አልሳቅኩም እላለሁ። ለካሜራ ብላችሁ የምትስቁት ሳቅ ይታወቃል፣ አይን አብሮ አይስቅም። ቋንቋውን በደንብ የማታውቁት ኮሜዲ ከሆነ ደሞ በሰብታይትል ብቻ አትፍረዱ፣ ጽሁፉ ከአፉ ቀድሞ ስለሚመጣ ቀልዱን አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ ከዛ አያስቅም ትላላችሁ፣ ሰውየውን ባላጠፋው ነገር ነው የምትወቅሱት።

ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ሁለተኛው አመቴ አጋማሽ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያቀው ልጅ የሰራውን የስድስት ደቂቃ አስቂኝ ድራማ አገኘሁ። በጣም ጎበዝ ነው፣ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት፣ ሰው ይወቀው ብዬ በሙሉ ልብ፣ አንድም ሰከንድ ሳልቆርጥ ሪአክት አድርጌ ለቀኩት። የኔ ከሱ ኦርጅናል በአምስት እጥፍ ታየ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ያገዝኩት ነበር የመሰለኝ። በሳምንቱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፣ እህቴ ስራዬን ስለወደድሽው አመሰግናለሁ፣ ግን አራት ሳምንት ነው የለፋሁበት፣ ሰው አንቺ ጋ አይቶ ጨረሰው፣ እኔ ጋ የመጣ የለም አለኝ። ስድብ የለበትም፣ ቁጣ የለበትም፣ አንጀቴን ነው የበላው። ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት ቢሆን ሲስተም አለው፣ ክሌም ያደርጋል፣ ገቢውን ይወስዳል። እሱ ምንም የለውም። ያለችው ያቺ ቪዲዮ ናት።

ወንድሜ በጣም ይቅርታ ብዬ ቪዲዮውን ያኔውኑ አነሳሁት። እንደገና ሰራሁት፣ ከስድስቱ ደቂቃ ሃምሳ ሰከንድ ብቻ ወስጄ፣ መጨረሻውን ሳላሳይ፣ የሱን ሊንክ ፒን አድርጌ፣ ቪዲዮው መሀል ላይ እዚህ ጋ አቁሙና መጨረሻውን እሱ ጋ ሄዳችሁ እዩት፣ እኔ እጠብቃለሁ ብዬ። ሄዱ። በጣም ብዙ ሰው ሄደ፣ እሷ ናት የላከችኝ እያሉ እዛ ኮመንት አደረጉ። ከዛ በኋላ የትንንሽ ሰሪዎችን ስራ ሳላስፈቅድ አልነካም፣ አንድ መልእክት ነው፣ ብዙዎቹ በደስታ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፣ ሌላ ትፈልጋላችሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር፣ ሳይፈልጉ ታዋቂ የሆኑ ሰዎች። ሰክሮ የተቀረጸ ሰው፣ እያለቀሰ የተቀረጸ ሰው፣ ሰው መሀል የተጣላ ሰው፣ በተለይ ህጻናት። ይሄ ቪዲዮ በየቦታው ይዞራል፣ ሪአክት አድርጊበት እያለ የሚልክላችሁ አይጠፋም፣ ቪውም እንደሚያመጣ አቃለሁ። ዘፋኙ ወይ ኮሜዲያኑ ስራዬን እዩልኝ ብሎ ነው የለቀቀው፣ ያ ሰው ግን እዩኝ አላለም። እኔ እንደዚህ አይነት ሁለት ቪዲዮ ነበረኝ፣ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ፣ አትስሩ ብዬ ነው የምለምናችሁ።

የቴክኒክ ነገር በአጭሩ። ሄድፎን አድርጉ፣ አለበለዚያ ዘፈኑ ከስፒከር ወጥቶ ማይካችሁ ውስጥ ይገባል፣ ድምጹ ይደራረባል፣ ኤዲት ላይ መለየት አይቻልም። ኦቢኤስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የማይክና የኮምፒውተር ድምጽ በተለያየ ትራክ ይቀርጻል፣ እሱን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ፊታችሁን በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፣ ኤዲት ስታደርጉ የጭብጨባው ድምጽና ምስል ላይ ታገጣጥሙታላችሁ። አስር ደቂቃ ካለፈ በኋላ አፍና ድምጽ እየተለያየ የሚሄድባችሁ ከሆነ ደሞ ስልኩ የፍሬም ፍጥነቱን (በሰከንድ የሚቀርጸውን የምስል ብዛት) እየቀያየረ ስለሚቀርጽ ነው፣ ሀንድብሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይራችሁ ከዛ ኤዲት አድርጉ። ይቺን ሳላቅ አንድ ወር ሙሉ በእጄ እየቆራረጥኩ ሳገጣጥም ነበር። ስትለቁ ደሞ ቸኩላችሁ ለሰው ክፍት አታድርጉት፣ ፕራይቬት አድርጋችሁ ጫኑትና የኮፒራይት ፍተሻው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ክሌም ካለ የትኛው ሰከንድ ላይ እንደሆነ ያሳያችኋል፣ እዛው ቆርጣችሁ ታወጡታላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ደሞ፣ ዩቲዩብ ከማስታወቂያ እንዲከፍል 1000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት ሰው ያየው 4000 ሰአት፣ ወይ ደሞ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) ቪው ያስፈልጋል። ይሄን ሁሉም ያቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ቁጥሩ ሞልቶም ሰው አይቶ እንደሚወስን ነው፣ የሌላ ሰው ስራ ላይ የራሳችሁ የሆነ በቂ ነገር ካልጨመራችሁ ሪዩዝድ ኮንቴንት ይባልና አይፈቀድላችሁም። ኮፒራይት ባይነካችሁም፣ ባለቤቱ ፈቅዶላችሁም ቢሆን። ስለዚ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የድሮ ቪዲዮዎቻችሁን ተመልከቱ፣ ዝም ብላችሁ ጭንቅላት የምትነቀንቁባቸውን አንሱ። እኔ አርባ የሚሆኑ አንስቻለሁ፣ ቪው ያላቸውም ነበሩ፣ ከበደኝ ግን አነሳሁ።

ስለ ኮመንት ሳልል አላልፍም። አንዴ የአንድ በጣም የሚወደድ ድምጻዊ ዘፈን ላይ ሚክሱ ድምጹን ውጦታል፣ ግጥሙ አይሰማም አልኩ። ለሁለት ቀን ስድብ ዘነበብኝ፣ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ መልኬ፣ ስለ እናቴ። አለቀስኩ፣ ቪዲዮውን ላጥፋው ብዬ እጄን አንስቼ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነው ያስቆመኝ፣ ውሸት ተናግረሻል? አለኝ። አይ። ሰውየውን ሰድበሻል? አይ። በቃ ተይው አለኝ፣ ስልኬን ተቀብሎ ራሱ ስድቦቹን እያነበበ ደበቃቸው። ከዛን ጊዜ ወዲህ የተወሰኑ ቃላት ያለበት ኮመንት እኔ ሳላይ እንዳይወጣ አድርጌዋለሁ፣ እና አንድ አስቸጋሪ ቪዲዮ ስለቅ ለአንድ ቀን ኮመንት የሚያነብልኝ እሱ ነው። እናንተም አንድ ሰው ይኑራችሁ። ስትተቹ ደሞ ስራውን፣ ያውም የስራውን የትኛውን ቦታ እንደሆነ ለይታችሁ፣ ሰውነቱንና ትዳሩን ተዉት።

ያ የኮሜዲው ልጅ አሁን ጓደኛዬ ሆኗል፣ ቻናሉ ከኔ በልጧል። ባለፈው ሳምንት ገና ያልለቀቀውን ስራ ላከልኝ፣ ከስሩ ደሞ 2:14 ላይ ሳቅሽ ይመጣል፣ እባክሽ እዛ እንዳታቆሚው፣ 2:31 ድረስ ጠብቂ ይላል። ነገ ማታ እቀርጸዋለሁ፣ ወረቀቴ ላይ 2:31 ብዬ በትልቁ ጽፌ ላፕቶፑ ላይ ለጥፌዋለሁ።